ጋቢ ሥር ያለው ሽጉጥ

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች ከሁለት በቀር ሁሉም ስለ ትንሽ ሽጉጥ ናቸው። ሁለቱ ስለ ንብ ቀፎ ስለሆኑ ለሌላ ጊዜ ይቆዩ። ጎጃም ውስጥ ጠመንጃ የማያውቅ ሰው ማግኘት ይከብዳል፤ ምንሽርን ከዲሞትፈር በድምፁ እለያለሁ የሚል ሽማግሌ በየሰፈሩ አለ። ችግሩ የጠመንጃ እውቀታችንን እንዳለ ወደ ሽጉጥ ይዘን መሄዳችን ነው። የጠመንጃ አፈሙዝ ወዴት እንደዞረ ገበያተኛው ሁሉ ያየዋል። የኪስ ሽጉጥ አፈሙዝ ግን ባለቤቱንም ይደበቀዋል። ብዙ ዓመት መሣሪያ ስጠግን ያየኋቸው ቁስሎች አብዛኞቹ ጭንና መዳፍ ላይ ነበሩ፤ የተኮሰውም ራሱ ባለቤቱ ነበር።

ከቡሬ፦ በርበሬና በቆሎ ነጋዴ ነኝ። ገንዘብ ይዤ ወደ ባሕር ዳር እመላለሳለሁ። ፈቃዱን እያስጨረስኩ ነው። ማካሮቭ ከበደኝ፤ ከእሱ ያነሰ የቱ ይሻለኛል?

የሩሲያው ሽጉጥ ማካሮቭ ባዶውን 730 ግራም ያህል ነው፤ ስምንት ጥይት ይይዛል። ከእሱ የሚያንሱ ሞልተዋል። የአሜሪካው ሩገር ኤልሲፒ ከ300 ግራም በታች ነው፤ ስድስት ጥይት በካዝናው፣ ማለትም በጥይት ማቀፊያው፣ ይይዛል፤ ሸሚዝ ኪስ ውስጥ ይገባል። ነገር ግን ሽጉጥ በቀለለ መጠን ወደ ኋላ የሚገፋው ኃይል በእጅ ላይ ይብሳል። እጀታው ስለሚያጥር ትንሿ ጣት የምታርፍበት ታጣለች። ማነጣጠሪያው ደግሞ የገብስ ፍሬ ያክላል። ስለዚህ ትንሽ ሽጉጥ ለጀማሪ ይመቻል የሚለው ወሬ የተገላቢጦሽ ነው፤ ለመሸከም ይቀላል፣ ለመተኮስ ይከብዳል።

የእኔ ምክር፦ እጅዎ ሙሉ በሙሉ የሚጨብጠውን፣ ሳይንቀጠቀጡ ቃታውን የሚስቡትን ይምረጡ። ያ ማካሮቭ ከሆነ ማካሮቭን ይታገሡት። ጥሩ ቀበቶና ማኅደር (የሽጉጥ ማስገቢያ) ክብደቱን ግማሽ ያህል ያስረሳሉ። ደግሞ ይቅር ይበሉኝና፣ ባንክ ቡሬም ባሕር ዳርም አለ። ገንዘቡ በሒሳብ ቢተላለፍ ሽጉጡም ላያስፈልግ ይችላል።

ከፍኖተ ሰላም፦ ጋቢ ነው የምለብሰው። ሱሪ ኪሴ ውስጥ ዝም ብዬ ብከተውስ?

ዝም ብሎ መክተት የሚባል ነገር የለም። ያ ኪስ ቁልፍ፣ ሳንቲምና የጥርስ መፋቂያ ካለበት አንዱ ወደ ቃታው መግባቱ አይቀርም። ኪሱ ለሽጉጥ ብቻ ይሁን። በኪስ የሚገባ፣ ቃታውን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ጠንካራ ማኅደርም ይኑረው። ጋቢ ደግሞ ለመደበቅ ጥሩ፣ ለማውጣት ክፉ ልብስ ነው። በአራት እጥፉ ውስጥ እጅዎ መንገድ ይጠፋበታል፤ ጥለቱም መዶሻውን፣ ጥይቱን የሚያስመታውን ብረት፣ ይይዘዋል። ቤትዎ ውስጥ ባዶ መሆኑን ደጋግመው ካረጋገጡ በኋላ፣ ጋቢውን እንደለበሱ ሃያ ጊዜ አውጥተው ይሞክሩ። ያኔ ኮት ሊገዙ ይችላሉ።

የጋቢ ብናኝም ሽጉጥ ውስጥ ይገባል። በየሳምንቱ ይወልውሉት።

ከብቸና፦ ከአባቴ የወረስኩት የጣሊያን ቤሬታ አለኝ፤ አባቴም ከአያቴ ነው የወረሰው። ይዤው ብወጣስ?

የ1934 ሞዴል ይመስለኛል፤ በወረራው ዘመን ከጣሊያን ጦር ጋር የገባ፣ ሰባት ጥይት የሚይዝ። ጥሩ ብረት ነው፤ አያትዎም በዋዛ ያገኙት አይመስለኝም። ሁለት ነገር ግን ይወቁ። አንደኛ፣ በጎኑ ያለው ማገጃ፣ ሳይታሰብ እንዳይተኮስ የተሠራው፣ የሚይዘው ቃታውን ብቻ ነው፤ መዶሻውን አይይዘውም። መዶሻው ተነስቶ ሳለ ሽጉጡ ቢወድቅ ምን እንደሚያደርግ ማንም አይተማመንበትም። ሁለተኛ፣ ካዝናውን ማውጣት ሽጉጡን ባዶ አያደርገውም። የጎረሰው ጥይት፣ ማለትም ከካዝናው ወጥቶ ለመተኮስ የተዘጋጀው፣ እዚያው ተቀምጧል፤ ቃታ ከተሳበም ይተኮሳል። «ካዝናውን እኮ አውጥቼው ነበር» የሚለውን ቃል ከስንት ቁስለኛ ሰምቻለሁ! መጀመሪያ ካዝናውን ያውጡ፤ ቀጥሎ የላይኛውን ብረት ወደ ኋላ ስበው የጎረሰውን ያስወጡ፤ ከዚያ በዓይንም በጣትም ያረጋግጡ። ቅደም ተከተሉን ካፋለሱት ካዝናው አዲስ ጥይት ያጎርሰዋል።

ፈቃዱን በተመለከተ፣ ብረቱ ተወረሰ ማለት ፈቃዱ ተወረሰ ማለት አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት መሣሪያ የሚያዘው በፈቃድ ነው። ከቤት ይዘውት ከመውጣትዎ በፊት ጉዳዩን ለፖሊስ ያቅርቡ። ለእኔ ከተተወ፣ ግድግዳ ላይ ከአያትዎ ፎቶግራፍ ጎን ቢሰቀል፣ ጥይት ሳይኖርበት፣ የበለጠ ያምርበታል።

ከሞጣ፦ «ዘጠኝ ሚሊ ሜትር ነው» ብለው ጥይት ሸጡልኝ፤ ማካሮቬ ግን አልቀበል አለ። ሽጉጡ ተበላሽቶ ይሆን?

ሽጉጡ ደህና ነው፤ ስሙ ነው ያሳሳተዎት። በዘጠኝ ስም የሚጠሩ ሦስት የታወቁ የሽጉጥ ጥይቶች አሉ። የቀለሃቸው ርዝመት 17፣ 18 እና 19 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የቤሬታው የ1934 ሞዴል ባለ 17ቱን ይጎርሳል። ባለ 19ኙ ፓራቤለም የሚባለው ነው፤ ከሦስቱም ኃይለኛው እሱ ነው። የማካሮቭ ባለ 18 ነው። በዚያ ላይ የማካሮቭ እርሳስ (ተተኩሶ የሚወጣው) ስሙ ዘጠኝ ይሁን እንጂ በእውነት 9.27 ሚሊ ሜትር ይወፍራል፤ የሌሎቹ ከዘጠኝ እምብዛም አይበልጥም። ስለዚህ አንዱ በሌላው አይተካም። በግድ የሚያስገባ ሰው ካጋጠመዎት ከአጠገቡ ይራቁ። ባለ 17ቱ ደግሞ የበለጠ ያታልላል፤ ማካሮቭ ውስጥ ልቅ ሆኖ ሊገባ ይችላል፣ እርሳሱ ግን ወደሚሄድበት ይሄዳል። የሽጉጡን ጎንና የቀለሃውን ቂጥ ሳያነቡ ጥይት አይግዙ።

ከዳንግላ፦ ቶካሬቭ አጎርሼ መያዝ እችላለሁ?

አይያዙ። የጥንቱ የሩሲያ ሽጉጥ ቶካሬቭ የእጅ ማገጃ የለውም፤ ያለው መዶሻውን በግማሽ የሚያቆም ጥርስ ነው። ያረጀ ጥርስ ይሸራተታል። ደግሞ 19 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም ብረት የኪስ ሽጉጥ ብሎ ማን ጠራው?

ከደብረ ማርቆስ፦ ባለቤቴ ሽጉጡን ትራሱ ሥር አድርጎ ይተኛል። የአራት ዓመት ልጅ አለን። ስነግረው «ልጄ ብልህ ነው፣ አይነካም» ይለኛል።

እህቴ፣ ትክክለኛዋ አንቺ ነሽ። ብልህ ልጅ ነው የሚነካው፤ ብልህነት ማለት ያዩትን መንካት አይደለም እንዴ? የአራት ዓመት ልጅ በአንድ ጣቱ ባይችል በሁለት አውራ ጣቶቹ ቃታ ይገፋል፤ ሲገፋ ደግሞ አፈሙዙ ወደ ፊቱ ይዞራል። ለባለቤትሽ ይህን አንብቢለት፤ በእኔ ይቆጣ። ለአንድ ሽጉጥ የሚበቃ ባለ ቁልፍ የብረት ሣጥን ብየዳ ቤት ያሠራ። ቁልፉን አንገቱ ላይ ከማተቡ ጋር ይሰር። ሌሊት የሚፈራው ነገር ካለ ሣጥኑ አልጋው አጠገብ በሚስማር ይመታ፤ ቆልፎ መክፈት በጨለማ መለማመድ ይቻላል። ጥይቱን ለይቶ ማስቀመጥ ከፈለገ ደግሞ እሰየው።

ጎረቤት ቡና ሊጠጡ ሲመጡ ያን ትራስ ማን እንደሚያነሳውም ጠይቂው።

ከደጀን፦ ግራኝ ነኝ፤ ማካሮቭ ይስማማኛል?

ማገጃው በግራ ጎኑ ነው፤ ለቀኝ አውራ ጣት የተሠራ። ይቻላል፣ ግን በሌባ ጣትዎ መልመድ አለብዎ። ሲገዙ በእጅዎ ይሞክሩት።

ከመርዓዊ፦ ወረቀት የሌለው፣ ቁጥሩ የተፋቀ፣ ዋጋው ግማሽ የሆነ ትንሽ ሽጉጥ አገኘሁ። ልግዛው?

ቁጥሩን የፋቀው ሰው ለምን እንደፋቀው ጠየቁት?