የአያትሽን ሱቅ ከማፍረስሽ በፊት ሲሚንቶውን አንሺ

ጥያቄው የመጣው ከወሎዋ ሐይቅ ከተማ ነው። ጠያቂዋ አያቷ የነገዱበትን፣ በድንጋይና በጭቃ የተሠራ የድሮ ሱቅ ወርሳለች። ከጥቂት ዓመታት በፊት ግድግዳው ከውስጥም ከውጭም በሲሚንቶ ተለስኗል። አሁን ልስኑ ከወለል እስከ ጉልበት ድረስ እያበጠ ይረግፋል፣ ነጭ ዱቄትም ያወጣል። ግድግዳው ሥር የተቀመጠ ዕቃ ሁሉ ይሻግታል። «ግንበኛው አፍርሰሽ በብሎኬት ሥሪው አለኝ። ቤቱ ግን ታሪክ ያለው ይመስለኛል። ምን ላድርግ?» ትላለች።

እህቴ፣ አታፍርሺው። የነገርሽኝ ምልክት ሁሉ የእርጥበት ነው እንጂ የእርጅና አይደለም። የድንጋይና የጭቃ ግድግዳ ምንጊዜም ከመሬት ትንሽ እርጥበት ይስባል። ድሮ ያ እርጥበት በጭቃው ወይም በኖራው ልስን በኩል እየተነነ ይወጣ ነበር። ሲሚንቶ ግን ያፍነዋል፤ ላስቲክ ለብሶ ሥራ እንደሚውል ሰው ማለት ነው። መውጫ ያጣው ውሃ ወደ ላይ ይወጣል። ይዞት የመጣው ጨው ደግሞ ልስኑ ሥር ሲደርቅ ልስኑን ይገፋዋል። ነጩ ዱቄት እሱ ነው። በውሃ አትጠቢው፣ ተመልሶ ይገባል። በደረቅ ብሩሽ ጠርገሽ አውጪው።

መጀመሪያ ውጭ ወጥተሽ የመንገዱን ከፍታ እዪ። በከተሞቻችን ገረጋንቲ በፈሰሰ፣ ኮብልስቶን በተነጠፈ ቁጥር መንገዱ ከፍ ይላል፤ የድሮው ሱቅ እታች ይቀራል። የውጭው መሬት ከሱቁ ወለል ከበለጠ የትኛውም ልስን አያድንሽም። ከግድግዳው ጋር የተያያዘውን አፈር ከወለሉ ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ዝቅ አድርጊው። ውሃው ከግድግዳው እንዲርቅ በየሜትሩ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ተዳፋት ስጪው። ግድግዳውን ተከትሎ ሁሉንም በአንዴ መቆፈር ግን አደጋ ነው። የድሮ ቤት መሠረት ጥልቀት የለውም፤ አንድ አንድ ሜትር እያደረጋችሁ ሂዱ፣ ከመሠረቱ ግርጌም አትውረዱ። የቆርቆሮው አሸንዳ ካፈሰሰም ይጠገን። መንገዱን ለመንካት ማዘጋጃ ቤቱን ጠይቂ።

ቀጥሎ ሲሚንቶው ይነሳል። እርጥበቱ ከደረሰበት ምልክት ግማሽ ሜትር ያህል አልፋችሁ አንሱት። በመሮና በትንሽ መዶሻ፣ በእጅ ይሁን። ድንጋዩን ይዞ የሚመጣ ቁራጭ ካለ ይቆይ።

እዚህ ላይ ቀስ በሉ። የቤቱ ታሪክ የሚታየው ሲሚንቶው ሲነሳ ነው። ሥሩ የድሮ ኖራ ቀለም በንብርብር ሊገኝ ይችላል። የተደፈነ በር ወይም መስኮት ሊወጣ ይችላል። ከመንካትሽ በፊት ሁሉንም ፎቶ አንሺ። የበሩን ሳንቃና የጣሪያውን እንጨት ተመልከቺ፦ በመጥረቢያ የተጠረበ ነው ወይስ የመጋዝ መስመር አለው? ምስማሩ አንጥረኛ የቀጠቀጠው ባለ አራት ማዕዘን ነው ወይስ የፋብሪካ ድቡልቡል? በመጥረቢያ የተጠረበው እንጨትና የተቀጠቀጠው ምስማር የድሮነት ምልክት ናቸው። ግን አንድ ምልክት ብቻውን አይበቃም፤ የድሮ ሰው እንጨትና ምስማር አይጥልም፣ ከሌላ ቤት አምጥቶ ይሠራበታል። ሁለት ሦስቱ ሲገጥሙ ግን ማመን ይቻላል።

የፊት ለፊቱንም አቅጣጫ እዪ። ከአዲስ አበባ በደሴ አድርጎ ወደ አሥመራ የሚሄደው የመኪና መንገድ የተሠራው ጣልያን አገራችንን በያዘበት ጊዜ፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ሱቅ ሁሉ ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ። የአንቺ ሱቅ ዋና በር ለመንገዱ ጀርባውን ሰጥቶ ከሆነ ከመንገዱ ሊቀድም ይችላል። በኛ አካባቢ የድንጋይ ቤት ሁሉ «ጣልያን የሠራው ነው» ይባላል። የኛን ግንበኞች እጅ እንዲህ በቀላሉ ለሌላ መስጠት ያሳዝነኛል። ጠይቂ፣ አጣሪ። ትርፍ ቤት በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ሲወረስ የቤቶች መዝገብ ተይዞ ነበር። ማዘጋጃ ቤት ወይም ቀበሌ የአያትሽ ፋይል ካለ አስፈልጊ።

ወደ ልስኑ ልመለስ። ግድግዳው ተራቁቶ አንድ ሁለት ወር ይተንፍስ። ከዚያ ከውስጥ በጭቃና በጤፍ ጭድ ምረጊው። ጭቃው ጥቂት ቀን ይቡካ፤ ሲቆይ ይያያዛል። ከውጭ ኖራ ይሁን፦ አንድ እጅ ኖራ፣ ሦስት እጅ ንጹሕ አሸዋ። በአንዴ አታወፍሩት። አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ይለሰን፣ ሳምንት ያህል ይቆይ፣ ከዚያ ይደገም። ፀሐይ እንዳይመታው እርጥብ ጆንያ ይጋረድበት። ከሱ በላይ ዘይት ቀለም አይቀባ፤ ያው አፈና ነው። ኖራ ራሱ ይቀባ።

ስትገዢ ተጠንቀቂ። ገበሬው የአሲድ አፈር የሚያክምበት ኖራ የተፈጨ ድንጋይ ነው፤ አይዝም። የግንባታውን ጠይቂ። ተቃጥሎ ገና በውሃ ያልበረደውን የኖራ ድንጋይ ካገኘሽ ደግሞ ኖራውን ወደ ውሃው ጨምሩ፤ ውሃ በላዩ አታፍስሱ። ይፈላል፣ ይፈናጠራል፣ ዓይን ያጠፋል። ልጆች ይራቁ።

ጊዜው ከጥቅምት እስከ ጥር ነው። ወሎ በልግ አለው፤ ወደ የካቲት ከገፋሽ ዝናቡ ትኩሱን ልስን ያጥበዋል።

ሥራ ከመጀመርሽ በፊት ወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ሂጂና ቤቱ በቅርስነት ተመዝግቦ እንደሆነ ጠይቂ። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት የተመዘገበ ቅርስ ያለ ፈቃድ አይነካም። ባይመዘገብም ፎቶዎቹን አሳዪያቸው።

ግንበኛሽ በኖራ ሠርቶ የማያውቅ ከሆነ አትከፊበት፣ ብዙዎቹ አያውቁትም። በጓሮው ግድግዳ አንድ ሜትር ያህል ላይ ይሞክር። ያ ሳይሰነጠቅ ደርቆ ከያዘ ወደ ፊት ለፊቱ እለፉ። ከተሰነጠቀ ግን ወይ ኖራው በዝቷል፣ ወይ ቶሎ ደርቋል፤ አሸዋውን ጨምራችሁ፣ ጆንያውን አርጥባችሁ ድገሙት።