ሶሊዳጎው ጎመን ውስጥ ገባብኝ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልን። ቢጫውን ሶሊዳጎ፣ ከጽጌረዳ ጋር የሚታሰረውን፣ ጓሮዬ ከተከልሁት ሁለት ክረምት አለፈው። የሰው ቁመት ይደርሳል ተብዬ ነበር፤ የኔ ወገቤ ጋ ሳይደርስ ያብባል። ዩሪያ ልጨምርለት? ሥሩ ደግሞ እየሄደ ጎመኔ መሐል በቅሏል፤ ጎረቤትም ያስነጥሳል ይላል። ልንቀለው?
ከደብረ ማርቆስ

መልስ፦ ዩሪያውን ለበቆሎዎ ያቆዩት። ቁመቱን ያሳጠረው የምግብ እጥረት ሳይሆን የቀኑ ርዝመት ነው። ሶሊዳጎ ቀን ሲያጥር የሚያብብ ተክል ነው። በትውልድ አገሩ በሰሜን አሜሪካ በሰኔና በሐምሌ ረጃጅም ቀኖች ሲያድግ ቆይቶ 2 ሜትር ገደማ ይደርስና በመስከረም ያብባል። ጎጃም ውስጥ ግን ረጅሙ ቀን 13 ሰዓት አይሞላምና ቶሎ ወደ አበባ ይሄዳል። የአበባ እርሻዎች ማታ መብራት የሚያበሩለት ዘንጉ እንዲረዝም ነው። ዩሪያ ካገኘ ግንዱ ይለሰልስና የሐምሌ ዝናብ ያጋድመዋል። ፀሐይ በደንብ የሚያገኝ፣ ውሃ የማይተኛበት ቀይ አፈር ይበቃዋል፤ ዋልካ ከሆነ መደቡን 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያድርጉለት።

ጎመኑ ውስጥ የገባውን ግን ዛሬ ነገ ሳይሉ ያውጡ። የሚስፋፋው ከአፈር በታች አግድም በሚሄድ ግንድ ነው፤ በየአንጓው ቡቃያ ስላለው በዶማ ቆራርጦ መተው ማባዛት ይሆናል። አፈሩ እርጥብ ሳለ በአካፋ ከጎን አላልተው ግንዱን በእጅ እየተከተሉ ሳይበጠስ ይሳቡት። ያወጡትን ቆርቆሮ ላይ አስጥተው እስኪሰባበር ያድርቁት እንጂ ብስባሽ ጉድጓድም ቦይም ውስጥ አይጣሉት። ዋናውን ጉንጉን ለማቆየት ከፈለጉ ባለ 200 ሊትር በርሜል ለሁለት ቆርጠው፣ የታችኛውን ግማሽ ቂጡን በስተው ይቅበሩትና እዚያ ውስጥ ይትከሉት። ጠርዙ ከመሬት 5 ሴንቲ ሜትር ካልወጣ ግንዱ ከላይ ተሻግሮ ይሄዳል። በየሦስት ዓመቱ ነቅለው ያረጀውን መሐሉን ይጣሉ፤ ከዳር ዳሩ ሦስት አራት ጤነኛ ቡቃያ ይመልሱ።

ማስነጠሱን በተመለከተ ጎረቤትዎን ያረጋጉ፤ የአበባው ብናኝ ከባድና የሚጣበቅ ስለሆነ የሚጓዘው በንብ እግር እንጂ በነፋስ አይደለም። አሜሪካ ስሙ የጠፋው በዚያው ወቅት የሚያብብ ሌላ አረም ብናኙን በነፋስ ስለሚበትን ነው። ቀፎ ካለዎትም ንቦቹ ይወዱታል።

እኛን የሚያሳስበን ዘሩ ነው። ዘሩ ጭራ ያለውና በነፋስ የሚሄድ ነው፤ ጃፓን ውስጥ ከጓሮ አምልጦ ክፉ አረም ሆኗል። አደይ አበባ በሚወጣበት ሜዳ ላይ እንዲበቅል አንፈልግም። ስለዚህ ወንዝ ዳርና ግጦሽ አጠገብ አይትከሉት፤ ቢጫው መጠውለግ ሲጀምር፣ ነጭ ጥጥ ሳያወጣ፣ ዘንጉን ከሥሩ 10 ሴንቲ ሜትር አስቀርተው ይቁረጡት።