ፌሎሺፕን በአማርኛ ምን እንበለው?

አንዲት የአዘዞ አንባቢ እንዲህ ስትል ጠይቃኛለች፦ «የኔታ፣ ወንድሜ ሐኪም ነው። ስፔሻሊስት ከሆነ በኋላ ፌሎሺፕ ገብቶ አሁን ሊጨርስ ነው። የጎረቤታችን ልጅ ደግሞ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ ተማሪ ናት፤ እሷም ‹ፌሎሺፕ አለኝ› ብላ ትወጣለች፤ የእሷ ግን ጸሎትና መዝሙር ነው። ቃሉ አንድ ነው ወይስ ሁለት? ለወንድሜ የእንኳን ደስ አለህ ባነር ላሠራ ብዬ መዝገበ ቃላት ባይ ‹ኅብረት› ይላል። የሕክምና ኅብረት ጨረሰ ይባላል እንዴ?»

አይባልም እህቴ። ቃሉ ግን አንድ ነው።

የፌሎሺፕ ሥር ፌሎ ነው፤ ፌሎን እንግሊዞች ከራሳቸው አላወጡትም። ከሰሜን በባሕር የመጡት ቫይኪንጎች ይዘውት የገቡት ነው። በእነሱ ቋንቋ ፌላጊ ይባል ነበር፤ «ፌ» ከብት፣ ንብረት ማለት ነው፤ «ላግ» ደግሞ ከማኖር ጋር የተያያዘ ነው። እንግዲህ ፌላጊ ገንዘቡን ከሌላው ገንዘብ ጋር አንድ ላይ ያኖረ ሰው ነው፤ እኛ ሸሪክ የምንለው። ለአማርኛ ጆሮ ይህ እንግዳ አይደለም፤ በድሮው አማርኛም ከብት ሲባል በሬና ላም ብቻ ሳይሆን ያለ ንብረት ሁሉ ነበር። ኋላ ትርጉሙ እየሰፋ ሄደ። ንብረት የተጋራው ሰው ጓደኛ ሆነ፣ የአንድ ቡድን ሰው ሆነ፣ በነኦክስፎርድና በነካምብሪጅ ደግሞ የኮሌጁን ገቢ የሚካፈል አባል ሆነ። የወንድምሽ ፌሎሺፕ ከዚህኛው የወረደ ነው። የጎረቤትሽ ልጅ የምትሄድበት ግን ከመጽሐፍ ቅዱስ የመጣ ነው። የሐዋርያት ሥራ 2፥42 ላይ እንግሊዝኛው ፌሎሺፕ ያለውን የእኛው «በኅብረት» ይለዋል። መዝገበ ቃላትሽም ከዚያው ሳይቀዳው አይቀርም። ለልጅቱ ጉባኤ ልክ ነው፤ ለሐኪሙ አይሆንም።

ለሐኪሙ የሚሆን ቃል አጥተን አይደለም፤ ባልደረባ አለን። በነገሥታቱ ዘመን ባልደረባ ማለት ለእንግዳ ወይም ለባለጉዳይ የሚመደብለት፣ ንጉሡ ፊት የሚያቀርበውና ጉዳዩን የሚያስፈጽምለት ሰው ነበር። ዛሬ የሥራ ባልደረባ ስንል በአንድ መሥሪያ ቤት አብሮን የሚሠራ ማለታችን ነው። የሙያም የተቋምም ጠረን ያለው ቃል ነው። ፌሎው ባልደረባ፣ ፌሎሺፑ ባልደረብነት ቢባል ምን ይጎድለዋል?

አሁን ወደሚቆረቁረኝ ልምጣ። «ፌሎም፣ ኮምፓኒየንም፣ ኮምሬድም ያው ጓደኛ ናቸው፤ በቃ ጓደኛ ብሎ ማለፍ ነው» የሚሉ አሉ። ይህ በፍጹም አይዋጥልኝም። ኮምሬድ ከስፓኝ ቋንቋ የመጣ ነው፤ ሥሩ ክፍል፣ እልፍኝ ማለት ነው፤ በአንድ ክፍል አብሮ የሚያድር ሰው። እነዚሁ ሰዎች ይህን ሲሰሙ «አየህ፣ ጓደኛም ከጓዳ ነው» ይላሉ። ሰዋስዉ አይከለክልም፤ ጤና ጤነኛ፣ አደጋ አደገኛ፣ ዋና ዋነኛ እንደሚል ጓዳም ጓደኛ ይላል። ግን ኃይል ኃይለኛ እንዲል ከጓድም ያው ጓደኛ ይወጣል። ስለዚህ መጨረሻው ላይ የሚቀጠለው ምዕላድ፣ «ኛ»፣ አይፈርድልንም። እኔ ጓድን እመርጣለሁ። ጓድ ደግሞ ደርግ የፈጠረው ቃል አይደለም፤ ከእሱ በፊት በጃንሆይ ዘመን የመጡት የአሜሪካ በጎ ፈቃደኞች የሰላም ጓድ ተብለው የለም ወይ?

ኮምፓኒየን ግን የእንጀራ ቃል ነው። በላቲን «ኮም» ጋር፣ «ፓኒስ» ዳቦ፤ ዳቦ አብሮ የሚበላ። ከጀርመን ነገዶች ወገን የሆኑት የጥንት ጎቶችም በራሳቸው ቋንቋ ጋህላይባ ይሉ ነበር፤ እሱም «ከዳቦ ጋር» እንደ ማለት ነው። ላቲኑ ከእነሱ ዓይነቱ ቋንቋ ተቀድቶ የተሠራ ነው የሚሉ ብዙ ናቸው። እኛ ደግሞ ከማንም ሳንቀዳ ባልንጀራ አልን። ባለ እንጀራ!

እዚህ ላይ የሚከራከረኝ አለ። «ባለ ማለት ጌታ፣ ባለቤት ነው፤ ባለ እንጀራ የእንጀራው ጌታ እንጂ አብሮ በላተኛ አይደለም» ይላል። ታዲያ ባለደም ምንድን ነው? በእኛ አገር ወንድሙ የተገደለበት ሰው ገዳዩን «ባለደሜ» ይለዋል፤ ገዳዩም የሟችን ወገን «ባለደሜ» ብሎ ይሸሻል። ደሙ የማንኛቸውም ንብረት አይደለም። አንድ ደም መካከላቸው ስላለ ሁለቱም ባለደም ናቸው። ባልንጀራም እንደዚያው ነው፤ መካከላቸው ያለው ደም ሳይሆን እንጀራ ሆኖ ነው። ደግሞ ኔይበር የሚለውን እይ፤ እንግሊዝኛው «ኔይበርህን ውደድ» ሲል አጠገብህ የሚኖረውን ማለቱ ነው። የእኛ ተርጓሚዎች ጎረቤት አላሉም፤ ባልንጀራ አሉ። አብሮህ የቆረሰውን። የጽዋ ማኅበር ገብቶ ዳቦው ሲቆረስ፣ ጠላው ሲዞር፣ የማኅበሩ መሪ ሙሴው ጽዋውን ለቀጣዩ ደጋሽ ሲያስረክብ ያየ ሰው ይህን ለማስረዳት ላቲን አያስፈልገውም። እንዲያውም ለእኔ ምርጫው ቢሰጠኝ የልጅቱንም ጉባኤ ኅብረት ከማለት ማኅበር እለው ነበር፤ ሥራቸው አንድ ነው፣ ኀበረ፤ ማኅበር ግን መሶብ አለበት። ልጆቹ እንደማይቀበሉኝ አውቃለሁ፤ ማኅበር ሲባል ቶሎ የሚታያቸው የጻድቅና የመልአክ ዝክር ነው። ጉባኤው የእነሱ ነው፤ ስሙም የእነሱ ይሁን።

ባልንጀራም ቢሆን ዛሬ ከስብከትና ከተረት በቀር ብዙ አይሰማም። ፒያሳ ቁጭ ብለሽ ብታዳምጪ ሁሉም ጓደኛዬ ነው የሚለው። ያሳዝነኛል፤ ግን ሰው የተወውን ቃል በግድ አላናግረውም።

ለባነሩም እንዲሁ። «የባልደረብነት ትምህርቱን ላጠናቀቀው» ብለሽ ብትሰቅዪ እኔ ደስ ይለኛል፤ ያለፈ ሁሉ ግን ምን ማለት ነው እያለ ይጠይቅሻል። ሆስፒታሉ ውስጥ ሐኪሙም፣ ነርሱም፣ ታማሚውም የሚያውቀው ፌሎሺፕን ነው። ስለዚህ «የፌሎሺፕ ሥልጠናውን ላጠናቀቀው ወንድማችን» በይ። ፌሎውሺፕ አትበይ፤ «ው»ን የሚያነባት የለም። ማተሚያ ቤቱ «ሕክምና»ን በሃሌታው «ሀ» ቤት በ«ህ» ሊጽፍልሽ ከሞከረ ግን እንዳትለቂው፤ በሐመሩ «ሕ» ነው።