«ደርሷል ይላል፣ እኔ ጋር ግን የለም»

ባለፈው ሳምንት በኢንተርኔት እቃ የምትሸጥ አንዷ ልጅ ጻፈችልኝ። «ጋሼ፣ ገዢው እቃው አልደረሰኝም እያለ ነው፣ ትራኪንጉ ግን ዴሊቨርድ ይላል፣ ሌባ ነው አይደል?» ነው ያለችኝ። ትራኪንግ እሽጉ የት እንደደረሰ የምናይበት ገጽ ነው፣ ዴሊቨርድ ካለ ደርሷል ማለቱ ነው። እኔ ግን «ሌባ ነው አይደል» የምትለዋ ላይ ቀረሁ። መልስ ሳልሰጣት ሁለት ቀን ቆየሁ። ይቅርታ ልጄ፣ ረስቼሽ አይደለም፣ ይቺን ጥያቄ እኔም አንድ ጊዜ ራሴን ጠይቄ ራሴው አዎ ብዬ ስለመለስኳት ነው።

እኔ ያገለገለ የካሜራ ሌንስ ነበር የምሸጠው። እገዛለሁ፣ ፈንገስ የገባበትን ፈታትቼ አጸዳለሁ፣ ፎቶ አንስቼ እለጥፋለሁ፣ በቃ እንደዛ ብዙ አመት ኖርኩ። ገና ስጀምር አንዱን ሌንስ በርካሹ ፖስታ ያለ ትራኪንግ ላክሁ፣ ገዢው አልደረሰኝም ብሎ የምሸጥበት ገጽ ላይ ክስ ከፈተ። ደረሰኙን ልፈልግ ብዬ የጫማ ካርቶኔን ስከፍት ምን ባገኝ ጥሩ ነው፣ ባዶ ነጭ ወረቀት። በሙቀት የሚታተም ወረቀት እኮ ነው፣ ካርቶኑን ማሞቂያ አጠገብ አስቀምጬው ኖሮ ጽሑፉ ሙልጭ ብሎ ጠፍቷል፣ መብራት ስር አገላብጬ ባየው ባየው ከአንዲት ግራጫ መስመር በቀር የለም። ቢነበብም ኖሮ አይረባኝም ነበር፣ ደረሰኝ መላክህን እንጂ መድረሱን አይናገርም። ገንዘቡም ሄደ ሌንሱም ሄደ። ሰውየው ይዋሽ ወይ ፖስታው ይጥፋ እስከዛሬ አላውቅም፣ ያኔ ግን ዋሽቶኛል ብዬ ቆረጥኩ።

እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ። ከዛ ወዲያ ያለ ትራኪንግ አንዲት ክዳን እንኳን አልላክሁም፣ ሲታሸግ ፎቶ፣ ሚዛን ላይ ፎቶ፣ አድራሻው ያለበት ሌብል ተለጥፎ ፎቶ። እሱስ ጥሩ ነበር። ችግሩ አብሮ የመጣው ጸባይ ነው። «አልደረሰኝም» የሚል ቃል ገና ሳይ ደሜ ይፈላ ጀመር።

እንደዛ ሆኜ ሳለ ነው ያ ሰውዬ የመጣው። ሙሉ አረፍተ ነገር የሚጽፍ፣ ነጥቡን የማይረሳ፣ ዝግ ያለ ሰው። የ50 ሚሊሜትር ሌንስ ነው የፈለገው፣ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ፣ «ቀለበቱ ሲዞር ቀጭ ቀጭ ይላል?» አለኝ። ስልኬን ጠጋ አርጌ ድምጹን ቀርጬ ላክሁለት። «በቃ እሱ ነው» አለ። በወጣትነቱ እንደዚሁ ያለ ነበረው አሉ፣ ቸግሮት ሸጦት ነው። እንዲህ አይነት ገዢ ሲያጋጥም ሥራው ሥራ አይመስልም፣ እኔም ሌንሱን ሁለቴ ጠርጌ ነው ያሸግኩት።

ትራኪንጉ ማክሰኞ ዴሊቨርድ አለ። ሐሙስ መልእክት መጣ፣ ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። «ሰላም። ማክሰኞ ደርሷል ይላል፣ እኔ ጋር ግን የለም። ህንጻው ብዙ በር ስላለው ጎረቤት እየጠየቅኩ ነው። ሌብሉ ላይ የቤት ቁጥሬ መኖሩን ሊያዩልኝ ይችላሉ?»

እዩልኝ እኮ ነው ያለኝ። ሌብሉ ፎቶው ስልኬ ውስጥ ነበር፣ ሁለት ጊዜ ብነካው ይከፈታል። አላየሁም። በምትኩ ምን አረግኩ፣ የትራኪንጉን ገጽ ስክሪንሾት አነሳሁ፣ ዴሊቨርድ የምትለዋን በቀይ ከበብኳትና ያለ ሰላምታ ላክሁለት። ደግሞ ጻፈ፣ ያንኑ ምስል ደግሜ ላክሁ። በሦስተኛው ክስ ከፈተ፣ እኔም የፎቶ ክምሬን አስገባሁ፣ በማግስቱ ለኔ ተፈረደ። ደረቴን ነፍቼ ዋልኩ ብላችሁ ታምናላችሁ። ማታ ላይ የመጨረሻ መልእክቱ መጣ፣ «ውሳኔውን አይቻለሁ። ምናልባት እሽጉ ተመልሶ እርስዎ ጋር ከመጣ ለሌላ ሰው አይሽጡብኝ፣ ደግሜ እገዛዎታለሁ።» ይሄንንም ሳነበው ጎበዝ ተዋናይ ነው ነው ያልኩት።

ከስምንት ወር በኋላ ለግብር የአመቱን ሽያጭ ሳስተካክል የሱ ትዕዛዝ ላይ ደረስኩ። ትዕዛዙ ላይ አድራሻው ሁለት መስመር ነው፣ ሁለተኛው መስመር ላይ የቤት ቁጥር አለ። ሌብሉን ከፈትኩት፣ አንድ መስመር። ያኔ አድራሻውን በእጄ እየገለበጥኩ ነበር እቃ አመላላሹ ኩሪየር ገጽ ላይ የምሞላው፣ የመጀመሪያውን መስመር ኮፒ አርጌ ሁለተኛውን ትቼዋለሁ። ላብ አጠመቀኝ። ያን ሁሉ በር ያለው ህንጻ መግቢያ ላይ እቃውን ጥለውት ሄደው አንዱ አንስቶት ይሆናል። ወዲያው ጻፍኩለት፣ አካውንቱ ተዘግቷል። ገንዘቡን ልመልስ ብል ትዕዛዙ ካረጀ ሪፈንድ አርግ የሚለው ቁልፍ የለም፣ ድጋፍ ክፍሉም የሌላ ሰው አድራሻ አንሰጥም አለኝ፣ እውነታቸውን ነው።

እንዴት ፈረዱልህ ለምትሉኝ፣ ብዙዎቻችሁ እሱን ሳታውቁ ነው የምትሸጡት። ለምሳሌ በኢንተርኔት ክፍያ የሚያስተላልፈው ፔይፓል ለመድረሱ ማስረጃ ብሎ የሚቀበለው ሰነድ አድራሻው ቢያንስ ከተማውን ወይም የፖስታ ኮዱን ካሳየ ይበቃዋል። በር አይጠይቅም። ዴሊቨርድ ማለት «ያ ሰፈር ደርሷል» ማለት ነው እንጂ «እጁ ገብቷል» ማለት አይደለም። እጁ መግባቱን የሚናገረው ፊርማ ነው፣ ፔይፓልም ከ750 ዶላር ጀምሮ ፊርማ ካልያዝክ ገዢ አልደረሰኝም ሲል ለሻጭ የምሰጠው ጥበቃ የለህም የሚለው ለዛ ነው፣ መገበያያው ኢቤይም እዛው ቁጥር ላይ ነው። እኔ ብሆን ከዛ በታችም ቢሆን ብትጠፋ የምታመኝን እቃ በፊርማ ነው የምልካት።

ትራኪንግ ግዙ፣ ፎቶ አንሱ ብዬ አልጽፍም፣ እሱን ታውቁታላችሁ፣ እንዲያውም የዘንድሮ ልጆች ምሳችሁንም ሳታነሱ አትበሉም። የማታውቁት የሚመስለኝ ሌላ ነው። ከፍሎ ሲያበቃ በቻት «ወደ እህቴ አድራሻ ላክልኝ» የሚል ገዢ አለ፣ ደግ ሰው ሊሆን ይችላል፣ ግን ክፍያው ላይ ካለው አድራሻ ወጥታችሁ ከላካችሁ ጥበቃው እዛው አበቃ፣ ሰርዙትና በአዲሱ አድራሻ እንደገና ይዘዝ። ገንዘቡን ፔይፓል ላይ «ጓደኛና ቤተሰብ» በሚለው የክፍያ አይነት የተቀበላችሁም እንደዛው፣ ኮሚሽን ቆጠብኩ ብላችሁ የሻጭ ጥበቃውን ነው የሸጣችሁት። ሪፈንድ ከሰጣችሁ ደግሞ ገንዘቡ በመጣበት ክፍያ ላይ ስጡ፣ በሌላ መንገድ ልካችሁለት ሰውየው ባንኩ ጋር ቻርጅባክ፣ ማለትም ክፍያዬን መልሱልኝ የሚል ጥያቄ ቢከፍት ሁለቴ ትከፍላላችሁ።

ጊዜውንም ቁጠሩት። ፔይፓል ላይ ገዢ ከከፈለበት ቀን አንስቶ 180 ቀን አለው፣ በቪዛ ካርድ ከሆነ እቃው አልደረሰኝም የሚለው ምክንያት 13.1 ይባላል፣ 120 ቀን ነው። ስለዚህ አንድ ወር ዝም ስላለ አለፈልኝ ብላችሁ ማስረጃ እንዳታጠፉ፣ የኩሪየሮቹ ገጽ ደግሞ የድሮ ትራኪንግ እያጠፋ ይሄዳል፣ የደረሰ ቀን ፒዲኤፉን አውርዱት። ኢቤይ ላይ ክስ ሲመጣ ለመመለስ ያላችሁ 3 የሥራ ቀን ነው፣ ተናዳችሁ ዝም ካላችሁ ተሸነፋችሁ። ሌላው፣ ከኩሪየሩ ጋር ውል ያለው ላኪው ነው፣ ስለዚህ ገዢውን «አንተ ደውልላቸው» ማለት ብዙ ጊዜ ጥቅም የለውም፣ እናንተ ደውሉና ስካን የተደረገበትን ቦታና የበሩን ፎቶ ጠይቁ። አንዳንዴ እቃ አድራሹ ሰውዬ ገና መኪና ላይ እያለ ዴሊቨርድ ብሎ ይነካዋል፣ እቃው በማግስቱ ይመጣል። ይሄን ስንት ጊዜ አይቻለሁ።

አንድ የምቃወማችሁ ነገር አለ። መልሱን በደረቁ ከሆነ ቦታ ገልብጣችሁ ነው የምትልኩት፣ «ውድ ደንበኛችን፣ መዝገባችን እንደሚያሳየው» ምናምን። ሰውየው ሌንሴ የታለ ነው የሚለው እኮ። ይሄን የምለው ስክሪንሾት በቀይ ከብቤ እልክ የነበርኩት ሰውዬ ነኝ፣ አውቃለሁ፣ አትሳቁ። ደግሞ በተቃራኒው ገና አልደረሰኝም ሲሏችሁ ገዢ የሚሰጠኝን ኮከብ ይቀንስብኛል ብላችሁ በአምስት ደቂቃ ሪፈንድ የምታረጉም አላችሁ፣ እሱም ልክ አይደለም፣ ለሌባው ቀለብ መስፈር ነው። መሃሉን እንዴት እንደምታገኙት አንድ ቀመር የለኝም። እኔ ከዛ ሰውዬ በኋላ ማስረጃው ሁሉ በእጄ እያለ ገንዘብ የመለስኩላቸው አሉ፣ ከነሱ መሃል አንዱ በርግጠኝነት በልቶኛል፣ ያንኑ ሌንስ ከነጭረቱ ለሽያጭ አውጥቶት አየሁት። ተናደድኩ፣ ግን እንቅልፍ አልነሳኝም። የሰውየው ግን ይኸው እስካሁን።

ወደ ጥያቄሽ ልምጣ ልጄ። ሌባ ይሁን አይሁን እኔ ከዚህ ሆኜ አላውቅም። መልስ ሳትጽፊለት ግን ትዕዛዙ ላይ ያለውን አድራሻና ሌብሉን ጎን ለጎን አርገሽ ስክሪንሾት ላኪልኝ፣ በተለይ ሁለተኛው መስመር እንዳይቆረጥ። ማታ አልተኛም፣ እጠብቅሻለሁ።