ካንሰሩ ብብቴ ደርሶ ነበር፤ ዘንድሮ ስምንተኛ ዓመቴ ነው፤ ጠይቁኝ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምኖረው ሐዋሳ ነው፤ ልብስ ሰፊ ነኝ። የጡት ካንሰር የተገኘብኝ በ2010 ዓ.ም. ነው። ከብብቴ ካወጧቸው 14 ንፍፊቶች 5ቱ ላይ ካንሰር ነበረ። ደረጃ 3 ተባልኩ። ቀዶ ጥገና ተደረገልኝ፣ 8 ዙር ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት) ወሰድኩ፣ ጨረር ተከተለ። ክኒኑን እስከ ዛሬ እውጣለሁ። ሐኪም አይደለሁም። ያለፍኩበትንና ሐኪሞቼን ጠይቄ የተረዳሁትን ግን ሳልሰስት እነግራችኋለሁ። ባለፈው ሳምንት ጥያቄ ላኩልኝ ብዬ ብዙ ደርሶኛል። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌያለሁ።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እናቴ «ንፍፊት ውስጥ ገብቷል» ተባለች። ቤቱ ለቅሶ ቤት መስሏል። እውነቱን ንገሪኝ፣ ከዚህ የሚተርፍ አለ?

መልስ፦ አለ። ይኸው እኔ አለሁ። የኔ ልጅ፣ በመጀመሪያ የተሰጣችሁን ወረቀት በደንብ አስነብቡ። ንፍፊት የሰውነት ማጣሪያ ነው። ከጡት የሚወጣው ፈሳሽ በአብዛኛው በብብት በኩል ያልፋል። ካንሰሩ ከጡት ሲወጣ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያዘው እዚያ ነው። ብብት ደረሰ ማለት ጉበት፣ ሳንባ ወይም አጥንት ደረሰ ማለት አይደለም። ብብት ላይ ያለው እንዲድን ታስቦ ይታከማል። ሩቅ ቦታ የደረሰው ደግሞ ባለበት እንዲቆይና ዕድሜ እንዲረዝም ይታከማል። ስለዚህ ሐኪሙን ይህን ጠይቁት፦ «ብብት ላይ ብቻ ነው ወይስ ሌላም ቦታ አለ? ምን ምርመራ ቀረን?»

ቁጥር ለሚፈልግ፦ አሜሪካ ውስጥ የጡት ካንሰር በአቅራቢያው ያለ ንፍፊት ላይ ደርሶ ከተገኘባቸው 100 ሴቶች ከ85 በላይ የሚሆኑት 5 ዓመት ያልፋሉ። ሩቅ አካል ከደረሰ ወደ 30 ገደማ ይወርዳል። እኛ አገር ብዙዎቻችን ዘግይተን ነው የምንሄደው፤ ሕክምናውም መሃል ላይ ይቋረጣል። ስለዚህ ያ ቁጥር የእኛ ነው ብዬ አልሸነግልሽም። ግን የእኛ ሰውነት ከእነሱ የተለየ ሆኖ አይደለም። ቶሎ መጀመርና ሳያቋርጡ መጨረስ ነው ነገሩ። እሱ ደግሞ በከፊል በእጃችን ነው።

ጥያቄ፦ ብብቴ ስር ንፍፊት ወጥቷል። ካንሰር ይሆን እንዴ?

መልስ፦ አብዛኛው ንፍፊት ካንሰር አይደለም። እጅ ላይ ያለ ቁስልም ያመጣዋል። እኛ አገር ደግሞ የንፍፊት ቲቢ ብዙ ነው። ነገር ግን ከሁለት ከሦስት ሳምንት በላይ ከቆየ፣ እያደገ ከሄደ፣ ሲነካ ጠንካራ ሆኖ የማያምሽ ከሆነ፣ በመርፌ ናሙና ይወሰድልሽ። አስተውይ፣ «አያመኝም» ብሎ መተው ነው ብዙዎቻችንን የጎዳን። እኔ መጀመሪያ የሄድኩበት ክሊኒክ ጡቴን ሳይነካ ሁለት ጊዜ አንቲባዮቲክ አዞልኛል። ሦስት ወር እንደዚያ አለፈ። ብብትሽን የሚያይ ሰው ጡትሽንም ይይ። ካላየ አንቺው ጠይቂው።

ጥያቄ፦ የባለቤቴ ቤተሰቦች «ኬሞ ይገድላታል፣ ትተሽው ፀበል ግቢ» ይሉኛል። ሦስተኛ ዙር ላይ ነኝ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ይህን ጥያቄ ሳነብ እጄ ተንቀጠቀጠ። እኔም ፀበል ጠጥቻለሁ። ቤቴም ገብርኤል አቅራቢያ ነው። የንስሐ አባቴን ስጠይቃቸው «መድኃኒቱንም የሰጠ እሱ ነው፣ አንዱን ለአንዱ ብለሽ አትተይ» አሉኝ። ጾሙንም እስክጨርስ ፈቱልኝ። አንቺም የንስሐ አባትሽን ይዘሻቸው ከቤተሰቡ ጋር ቁጭ በሉ። ከሐኪም ይልቅ የእሳቸውን ቃል ይሰማሉ።

አብራኝ ኬሞ የጀመረች አንዲት ሴት ነበረች፤ አልጋችን ጎን ለጎን ነበር። እብጠቱ ሲቀንስላት «ድኛለሁ» ብላ ቀረች። ዓመት ሳይሞላ ተመለሰች፤ ያኔ ሳንባዋ ደርሶ ነበር። እብጠቱ መቀነሱ መድኃኒቱ እየሠራ መሆኑን ነው የሚያሳየው። በዓይን የማይታየው ገና አለ። የቀሩት ዙሮች ለእሱ ናቸው። እባክሽ፣ አራተኛውን እንዳትቀሪ።

ጥያቄ፦ ኬሞ እንዴት ነው? ምን ልጠንቀቅ?

መልስ፦ የእኔ በየ21 ቀኑ ነበር። ቀዩ ኬሞ ከገባ በኋላ ሽንት ቀይ ይሆናል፤ ደም አይደለም፣ አትደንግጡ። ፀጉሬ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሄደ፤ ሁሉም ሲያልቅ ተመለሰ። ለማስመለሱ መድኃኒት አለ፤ «አልቻልኩም» ብላችሁ ጠይቁ።

ዋናው ትኩሳት ነው። ከኬሞው በኋላ ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ነጭ የደም ሴል በጣም ይወርዳል። ሙቀት መለኪያ ግዙ። 38 ከደረሰ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ነው፤ ፓራሲታሞል ውጦ መተኛት የለም። ሌላው፣ የሐዋሳ ልጆች፣ ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ሄዳችሁ ጥሬ ዓሣ እንዳትበሉ። ጥሬ ሥጋም እንደዚያው። ዓሣውን በደንብ አስጠብሱት፤ የዓሣ ሾርባ ደግሞ ምንም ባልቀመስኩባቸው ቀናት ያቆመኝ እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ለሕክምና የግድ አዲስ አበባ መመላለስ አለብኝ?

መልስ፦ ለኬሞ የግድ አይደለም። እዚሁ ሐዋሳ ሪፈራል ሆስፒታል ይሰጣል። ጨረር ሌላ ጉዳይ ነው፤ ከአዲስ አበባ ውጭ ጅማም ተጀምሯል፣ ሐኪማችሁ የት እንደሚልካችሁ ቀድማችሁ ጠይቁ። ወረፋ ስላለው ኬሞው ሳያልቅ ተመዝገቡ። አዲስ አበባ ዘመድ ለሌለው፣ ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ አቅመ ደካማ ታካሚዎች ማረፊያ አለው። የጤና መድኅን ካላችሁ የሪፈር ወረቀቱን እንዳትረሱ።

ጥያቄ፦ ንፍፊቶቼ ከወጡ በኋላ እጄ ያብጣል። እንደ ድሮው እሠራ ይሆን?

መልስ፦ ትሠሪያለሽ። እኔ በዚህ እጄ ነው የምሰፋው። ንፍፊቶቹ ሲወጡ ፈሳሹ የሚሄድበት መንገድ ይጠባል፣ እጅ ላይ ይጠራቀማል። ቶሎ ከተያዘ ይቀንሳል። የእኔን ዘዴ ልንገርሽ። ዘወትር ቅዳሜ ማታ የስፌት ሜትሬን አነሳለሁ። ከክርኔ 10 ሴንቲ ሜትር ወደ ላይ ለክቼ በእስክሪብቶ ነጥብ አደርጋለሁ። እዚያ ላይ ሁለቱንም እጆቼን ዙሪያቸውን እለካለሁ፤ ደብተር ላይ እጽፋለሁ። በ2012 ክረምት ላይ ንፍፊቱ በወጣበት በኩል ያለው እጄ በ2 ሴንቲ ሜትር በልጦ ተገኘ። በዓይን ሲታይ ምንም የለውም። ሰኞ ፊዚዮቴራፒ ሄድኩ። ማሰሪያና እንቅስቃሴ ሰጡኝ፣ በሁለት ወር ወረደ።

እጅሽን አቅፈሽ አትቀመጪ። በጣቶችሽ ግድግዳ ላይ እየተራመድሽ ከፍ በይ፣ በየቀኑ ትንሽ ጨምሪ። 20 ሊትር ጀሪካን ግን ዛሬውኑ በዚያ እጅ አይደለም። ምጣድ ላይ እንፋሎቱ እንዳያቃጥልሽ፣ መርፌ እንዳይወጋሽ፣ ከተቧጨርሽ ወዲያው በሳሙና ታጠቢው። እጅሽ ቀልቶ ከጋለ ያ ኢንፌክሽን ነው፤ የዚያኑ ቀን ሐኪም ጋ ሂጂ።

ጥያቄ፦ ታሞክሲፌን (ካንሰሩ እንዳይመለስ የሚዋጠው ክኒን) የሚወሰደው ስንት ዓመት ነው? መልስ፦ ለብዙዎች 5፣ ንፍፊት ለተነካብን አንዳንዶቻችን 10። የሚሰጠው ካንሰሩ በሴት ሆርሞን የሚያድግ ዓይነት ሲሆን ነው። ሙቀት ይወርራል፣ ማታ ያልባል። የወር አበባ ቆሞ እንደገና ደም ካያችሁ ወይም አንድ እግር ብቻ አብጦ ካመመ ሐኪም ጋ ሂዱ። እየዋጣችሁ አታርግዙ።

ጥያቄ፦ የሽፈራው (ሞሪንጋ) ቅጠል ካንሰር ያድናል? መልስ፦ አያድንም። እንደ ጎመን ተሠርቶ ቢበላ ምግብ ነው። ዱቄቱንና ጭማቂውን ግን በኬሞ ወቅት ሐኪምሽን ሳትጠይቂ አትውሰጂ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ነው የታመመችው። ምን እንደምላት ጠፋኝ። ዝም ስል ትከፋለች።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ብዙ ቃል አያስፈልግም። የእኔ ባለቤት «አይዞሽ» ማለት እንኳ አይሆንለትም። ግን ያኔ በሕክምናው ጊዜ ከአዲስ አበባ ስንመለስ ሞጆን ሳናልፍ እንደሚያስመልሰኝ ያውቅ ነበር። ኮት ኪሱ ውስጥ አራት አምስት ፌስታል አጣጥፎ ይይዛል። አውቶቡሱ ውስጥ ማንም ሳያየኝ ጋቢውን ከፍ አድርጎ ይሸፍነኛል። ከዚያ ውሃ ያቀብለኛል። ሐዋሳ እስክንገባ አንድ ቃል አይናገርም።

አንተም የቀጠሮ ካርዷን ያዝ። ቀኑን ከእሷ በፊት እወቀው። ለመሆኑ ስንተኛ ዙር ላይ ናት? ጻፍልኝ።