መልስ፦ ጅማ፣ 1 ሜትር ተቆፍሮ ጥቁር አፈር ካላለቀ

መሠረቱን 1 ሜትር ላይ አታቁም። ጥቁር አፈሩ ስላላለቀ ለጂ+0 (ፎቅ ለሌለው) ቤትህ ፉቲንጉን (ከኮለኑ ሥር የሚያርፈውን የኮንክሪት መሠረት) ላወፍር ወይስ ፌሮ ልጨምር ብለህ ጠይቀሃል፤ ሁለቱም አያድኑህም። ጥቁር አፈር ክረምት አብጦ ወደ ላይ ይገፋል፣ በጋ ተሰነጣጥቆ ይወርዳል። ቤትህ ቀላል ስለሆነ እብጠቱን ተጭኖ የሚይዝ ክብደት የለውም። መጀመሪያ የሚታይህ ከመስኮት ጥግ ተነስቶ ሰያፍ የሚሄድ ስንጥቅ ነው።

አሁን አንዱን ጉድጓድ ብቻ ወደ ታች አስቀጥል። እስከ 2 ሜትር ድረስ ጠንካራ ቀይ አፈር ከመጣ ሁሉንም ፉቲንግ እዚያው አሳርፍ። ካልመጣ ከፉቲንጉ ሥር ቢያንስ 1 ሜትር ጥቁሩን አውጣና የማያብጥ ሰሌክት ማቴሪያል (ተመርጦ የሚመጣ የሙሌት አፈር) በ20 ሳንቲም ንጣፍ፣ በልኩ እያረጠብክ፣ በኮምፓክተር (በመጠቅጠቂያ ማሽን) አስጠቅጥቅ። ሙሌቱ ከፉቲንጉ ጠርዝ ውጭም ይዘርጋ። ግሬድ ቢሙ (ኮለኖቹን ከታች የሚያያይዘው አግድም ኮንክሪት) በቀጥታ ጥቁር አፈር ላይ አይረፍ።

የፉቲንጉን ስፋት ከጎረቤት አትቅዳ። ለምሳሌ ኮለኑ (ምሰሶው) ከነፉቲንጉ 20 ቶን ቢጭን፣ የአፈሩ አቅም በምርመራ በካሬ ሜትር 10 ቶን ቢወጣ፣ 2 ካሬ ሜትር ያስፈልጋል፤ 1.45 በ1.45 በቂ ነው።

አደራ፣ ጉድጓዱን በአሸዋ ወይም በጠጠር እንዳትሞላው። ዙሪያው ውሃ የማያሳልፍ ጥቁር አፈር ስለሆነ የዝናቡ ውሃ እዚያ ይጠራቀምና ከሥር ያለውን ያሳብጠዋል። የጅማ ዝናብ ደግሞ ፋታ አይሰጥም፤ የጉድጓዱን የመጨረሻ 10 ሳንቲም አፈር የምትቆፍረው ሊን ኮንክሪቱ (ከፉቲንጉ ሥር የሚነጠፈው ስስ ኮንክሪት) በሚፈስበት ቀን ይሁን። ባህር ዛፍም ከግድግዳው አጠገብ አይኑር።