ስካን የተደረገ ካርታ ላይ ስም ለመቀየር ፎቶሾፕ ወይስ ሌላ?

ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ ያለውን ካርታ ስካን አድርገው የድሮዎቹን የመንገድ ስሞች በአማርኛ ለመተካት ከሆነ ጂምፕ የተባለውን የምስል ማረሚያ ፕሮግራም ይጫኑ። ነጻ ነው፤ ለዚህ ሥራ ፎቶሾፕ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። ካርታውን ከባዶ መሳል ቢያስቡ ግን ኢንክስኬፕ የተባለው የመሳያ ፕሮግራም ይሻላል፤ መስመሩ የቱንም ያህል ቢያጎሉት አይደበዝዝም።

ዋናውን ምስል አይንኩ። በላዩ አዲስ ሌየር (እንደ ግልጽ ወረቀት በምስሉ ላይ የሚደረብ ንብርብር) ከፍተው የድሮውን ስም በአካባቢው ቀለም ይሸፍኑ፤ አዲሱን በሌላ ሌየር ይጻፉ። ፊደሉ ባዶ ሳጥን ሆኖ ከታየ እንደ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ያለ የግዕዝ ፎንት (የፊደል ቅርጽ) ይምረጡ።

እኔ የቸርችል ጎዳናን ካርታ ሳርም በተቀመጠ ቁጥር የምስል ጥራት በሚቀንሰው በጄፔግ በየጊዜው እያስቀመጥሁ ቀጫጭኖቹን መንገዶች አበላሽቻለሁ፤ ሌየሮቹም አልተረፉም። ሌየሮቹን በሚይዘው የጂምፕ የራሱ ፋይል ዓይነት፣ በኤክስሲኤፍ ያስቀምጡ፤ ፒኤንጂ የሚያወጡት ሲጨርሱ ብቻ ነው።